የሃምስተር ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ያዙ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ከልጄ ክፍል ቂርጭ፣ ቂርጭ የሚል ድምፅ ይመጣል። መብራት ሳላበራ ገባሁ። ዳቦ የቤቱን ፍርግርግ በሁለት እጁ ጨብጦ አንዱን ሽቦ ነክሶ ይጎትታል። ይለቀዋል። እንደገና ይነክሰዋል። አፍንጫው ላይ ያለው ፀጉር ተልጦ ቆዳው ቀልቷል።

ዳቦ ሃምስተር ነው፤ የአይጥ ዘመድ የሆነ ትንሽ የቤት እንስሳ። ስሙን ያወጣችለት ልጄ ናት፤ ቀለሙ የድፎ ዳቦ ቅርፊት ስለሚመስል። ከነቤቱ የገዛነው እዚሁ ሜሪላንድ ነው፣ ከአንድ የቤት እንስሳት መሸጫ። ቤቱ ሮዝና ሰማያዊ ነው። ፎቅ አለው። ጎኑ ላይ የሚጠማዘዝ የፕላስቲክ ቱቦ አለው። ሻጩ "ለጀማሪ የሚሆነው ይሄ ነው" አለን፤ ልጄም በቀለሙ ተማርካ ስለነበር ብዙ ሳንጠይቅ ከፍለን ወጣን።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ የቡና ሲኒዋን ይዛ ፊቱ ቁጭ አለች። ያን ሰሞን ልትጠይቀን ከኢትዮጵያ መጥታ ነበር። ገጠር ያደገች ሰው ናት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችውና "ይሄ እኮ የመሬት ነው" አለች። "ጥፍሩን አታዩትም? የሚቆፍረው አጥቶ ነው። መሬት ስጡት።"

ከዚያ በኋላ ብዙ አነበብኩ፣ ብዙ ለካሁ፣ ቤቱንም ቀየርን። እማዬ በአንድ እይታ ያየችው ነገር ትክክል ነበር። እዚህ የምጽፈው ያኔ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ባውቀው ኖሮ የምለው ሁሉ ነው። ልጆቻችሁ "ሃምስተር ግዙልን" እያሉ ከነዘነዟችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ቤቱን አዘጋጁ። እንስሳው በኋላ ይምጣ።

1. ምን ዓይነት እንስሳ እንደሆነ እወቁ

በየቤቱ በብዛት የሚታየው የሶርያ ሃምስተር ነው፤ ወርቃማ ሃምስተርም ይሉታል። አገሩ በሶርያና በቱርክ ድንበር አካባቢ፣ አሌፖ ከተማ ዙሪያ ያለው የእርሻ መሬት ነው። እዚያ ጉድጓድ ቆፍሮ ይኖራል፣ እህል ለቅሞ በጉንጩ ከረጢት እየሞላ ወደ ጉድጓዱ ያስገባል። እስራኤል ያላችሁ "ኦገር" በሚለው ስሙ ታውቁታላችሁ፤ በዕብራይስጥ አከማቺ እንደማለት ነው። ተመራማሪዎች ሜዳ ላይ ጉድጓዶቹን ሲለኩ ጥልቀታቸው ከ36 እስከ 106 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኝቷል። መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ፍጡር ከአንድ ሜትር በላይ ወደታች ይወርዳል ማለት ነው።

ዛሬ በየቤቱ ያሉት የሶርያ ሃምስተሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም የአንዲት እናት ዘሮች ናቸው። በ1930 እ.ኤ.አ. እስራኤል አሃሮኒ የሚባል የእንስሳት ተመራማሪ አሌፖ አካባቢ አንዲት እናት ከነልጆቿ ከጉድጓድ አስወጥቶ ልጆቹን ወደ ኢየሩሳሌም ወሰደ። በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የተቀመጡበት ቤት ወለሉ የእንጨት ነበር። ካሉት ዘጠኝ ውስጥ አምስቱ በአንድ ሌሊት እንጨቱን በጥርሳቸው በስተው አመለጡ። እንግዲህ ቤት ስትመርጡ የምታስቡለት እንስሳ ይህ ነው፤ ይቆፍራል፣ ይነክሳል፣ ቀዳዳ ካገኘ ይሄዳል።

ከሶርያው ሌላ ድንክ የሚባሉ ዝርያዎች አሉ። ካምቤል፣ ነጩ የክረምት ሃምስተርና ሮቦሮቭስኪ በብዛት ይሸጣሉ። ሮቦሮቭስኪ ከሁሉም ትንሹ ነው፤ ቁመቱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ። ትንሽ ስለሆነ ትንሽ ቤት ይበቃዋል እንዳትሉ። ሲሮጥ ዓይን አይከተለውም፤ ቦታ የሚፈልገውም ከትልቁ ባልተናነሰ ነው።

አንድ ነገር ቶሎ ልበል። የሶርያ ሃምስተር ብቻውን ነው የሚኖረው። እኛ ብቻችንን መብላት እንኳን የሚከብደን ሰዎች ስለሆንን "ብቻውን ሆዱ ይባባል" ብለን ሁለት ለመግዛት ይቃጣናል። አታድርጉት። ሁለት ወር ገደማ ከሞላቸው በኋላ እስከ ሞት ይጣላሉ። ለአንድ ሃምስተር አንድ ቤት።

2. ወለሉን ለኩ

ሱቅ ስትገቡ ዓይናችሁ የሚሄደው ወደ ቀለሙና ወደ ፎቁ ነው። ሃምስተሩ ግን ዓይኑ ደካማ ነው። ከፍታ በደንብ አይለይም፤ ከላይኛው ፎቅ ጫፍ ላይ ሆኖ ዝም ብሎ ወደ አየር ሊራመድ ይችላል። የሚጠቅመው የሚሮጥበት ያልተቆራረጠ ወለል ነው።

መለኪያው ይህ ነው፦ ርዝመት 100 ሳንቲ ሜትር፣ ወርድ 50፣ ቁመት 50። የጀርመን የእንስሳት ሐኪሞች የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር ቢያንስ ይህን ያህል ይሁን ይላል። አሜሪካ ላላችሁ 40 በ20 ኢንች ገደማ ነው። መገመት ካስቸገራችሁ፣ ከአገር ቤት ምጣድ የወጡ ሁለት እንጀራዎች ጎን ለጎን ስትዘረጉ የሚይዙትን ቦታ አስቡ። ወደዚያ ይጠጋል።

አሁን የእኛን የጀማሪ ቤት እንይ። 45 በ30 ነበር። 1,350 ካሬ ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። የሚያስፈልገው 5,000 ነው። ለዳቦ የሰጠነው ከሩብ ትንሽ ከፍ የሚል ብቻ ነበር።

ስትለኩ ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ብዙ ጊዜ የውጪው ልክ ነው። የፕላስቲክ ትሪው ወደ ታች እየጠበበ ስለሚሄድ ወለሉ ከተጻፈው ያንሳል። ሜትራችሁን ውስጥ ከተታችሁ ከታች ለኩ። ሁለተኛው፣ አንዳንድ አምራች የፎቁን መደርደሪያ ከወለሉ ጋር ደምሮ ነው ስፋት የሚጽፈው። መደርደሪያ ወለል አይደለም፤ አትቁጠሩት። ሦስተኛው፣ ሁለት ሦስት ትንንሽ ቤቶችን በቱቦ ማያያዝ አንድ ትልቅ ቤት አይሆንም። ሦስት ሽንት ቤት ብታያይዙ ሳሎን አይወጣውም።

በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ጉዳይ በደንብ አይተውታል። በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናታቸው የሶርያ ሃምስተሮችን በአራት መጠን ቤቶች አኖሩ፤ ከ1,650 እስከ 10,000 ካሬ ሳንቲ ሜትር። በትንንሾቹ ቤቶች የነበሩት ሽቦውን አዘውትረው፣ ረዘም ላለ ጊዜም ነከሱ። ግን በትልቁም ቤት ሽቦ መንከሱ ፈጽሞ አልጠፋም። ይህን ሳነብ እማዬ ትዝ አለችኝ። ስፋት ብቻውን አይበቃም፤ መሬት ስጡት ነበር ያለችው።

3. የሚቆፍረውን አስሉ

በእኔ እምነት ከቤት መግዛቱ ሁሉ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ግን ማንም አያነሳውም።

እነዚያው የበርን ተመራማሪዎች ከዚያ በፊት፣ በ2006 እ.ኤ.አ.፣ የንጣፉን፣ ማለትም ወለሉ ላይ ተሞልቶ የሚቆፍሩትን ነገር፣ ጥልቀት ፈትሸው ነበር። አንዱ ቡድን 10 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላው 40፣ ሦስተኛው 80 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ ተሰጠው። 10 የተሰጣቸው ከሌሎቹ በግልጽ በበለጠ ሽቦ ነከሱ። መሮጫ ጎማውም ላይ (ውስጡ ገብተው እያሽከረከሩ የሚሮጡበት ክብ ዕቃ ነው) ከሌሎቹ በላይ ሮጡ። ጎማ ላይ አብዝቶ መሮጥ ሁልጊዜ የደስታ ምልክት ነው ብዬ አስብ የነበረው እኔ፣ እዚህ ጋ ቆም አልኩ። ዳቦም ሌሊቱን ሙሉ ይሮጥ ነበር። ንጣፉ ሦስት ጣት ነበር።

ስለዚህ ቤቱን ስትመርጡ "ስንት ሳንቲ ሜትር ንጣፍ ይይዛል?" ብላችሁ ጠይቁ። ቢያንስ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር መያዝ አለበት፤ በአንድ በኩል 40 ከደረሰ ደግሞ ግሩም ነው። ሁሉም ቦታ እኩል መሆን የለበትም። በአንድ ጫፍ ኮረብታ አድርጋችሁ ከምሩት፣ ወደ ሌላው ጫፍ አሳንሱት። ለዚህ ነው ቁመቱ 50 የሚፈለገው። ከንጣፉ በላይ ጎማው የሚቆምበትና አየር የሚተርፍበት ቦታ ሊኖር ይገባል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 100 በ50 ወለል ላይ 25 ሳንቲ ሜትር ለመሙላት 125 ሊትር ንጣፍ ያስፈልጋል። ከረጢቱ ላይ የሚጻፈው ሊትር ከተፈታና ከተነፋ በኋላ ያለው ነው። 60 ሊትር የሚል ከረጢት ከሆነ ሁለቱ ትንሽ ይጎድላሉ፣ ሦስት ግዙ። እጃችሁን ዘርግታችሁ ጠቅጠቅ ማድረጉን አትርሱ፤ ካልተጠቀጠቀ ዋሻው ይናዳል። ሲጠቀጠቅም ዝቅ ስለሚል ሦስተኛው ከረጢት ያኔ ያስፈልጋል።

ከምን ይሁን? ከወረቀት የተሠራ ሽታ የሌለው ንጣፍ ጥሩ ነው። ከአስፐን እንጨት የተላገ ሰጋቱራም ይሆናል። የዝግባና የጥድ ዘር የሆነ፣ ሲከፈት ደስ የሚል የእንጨት ሽታ የሚሸት ሰጋቱራ ግን ይቅርባችሁ። ለእኛ መዓዛ የሆነው ነገር የእነሱን ሳንባ ያስቆጣል። ከሠፈር አናጺ የተጠረገ ሰጋቱራም አትውሰዱ፤ ከምን እንጨት እንደወጣ፣ ቫርኒሽ ይንካው አይንካው አይታወቅም። ለመኝታ ተብሎ የሚሸጠው ጥጥ የሚመስል ነገር ደግሞ አደገኛ ነው። ክሩ እግር ላይ ይጠመጠማል፣ ጉንጭ ውስጥ ይወተፋል። ለመኝታው ሽታና ቀለም የሌለው ሶፍት ቀደዳችሁ ስጡት። ራሱ በጥርሱ ፈልቅቆ ያነጥፈዋል።

4. ከቤቶቹ ዓይነት ምረጡ

የሽቦ ቤት። አየር በደንብ ይገባል፣ ቀላል ነው፣ ለማጽዳት ይመቻል። ችግሩ የታችኛው ትሪ ነው። አብዛኞቹ ትሪዎች ጥልቀታቸው ከአንድ ስንዝር ያንሳል፤ ንጣፉን ብትሞሉት በሽቦው መሀል ምንጣፋችሁ ላይ ይረግፋል። የሽቦ ቤት የምትገዙ ከሆነ ትሪው ጠለቅ ያለውን ፈልጉ። ወይም በአራቱም ጎን ከውስጥ ጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ አቁማችሁ ከፍታውን ጨምሩ፤ ሲነክስ ጥርሱ የሚይዝለት የተጋለጠ ጠርዝ ግን አይኑር። ወለሉ ራሱ ሽቦ የሆነ ቤት ከሆነ ጭራሽ አትንኩት። መዳፋቸውን ያቆስላል፣ እግር ቢገባበት ይሰበራል።

የመስታወት ቤት። እኛ የመረጥነው ይህን ነው። ዓሣ ማርቢያ አኳሪየም ማለት ነው። ሽቦ የለውም፤ የሚነከስ ነገር የለም። ንጣፉን እስከ ግማሽ ብትሞሉት አንዲት ፍሬ ወደ ውጭ አትወጣም። ዋሻውንም በጎን በኩል ታያላችሁ። አሜሪካ 75 ጋሎን የሚባለው ልኩ 122 በ46 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ቁመቱ 53። ወርዱ ከ50 ትንሽ ቢያንስም በርዝመቱ ይካሳል፤ 5,600 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል። 40 ጋሎን ብሪደር የሚሉት 91 በ46 ነው፤ ከ5,000 በታች ስለሆነ አማራጭ ካጣችሁ እንጂ መጀመሪያ እሱን አታስቡ። 10 ጋሎኑን ደግሞ፣ 50 በ25 ብቻ ስለሆነ፣ "ለሃምስተር ይበቃል" ቢሏችሁም አትስሙ።

ዋጋው አስደነገጣችሁ? አዲስ አትግዙ። ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ ውሃ የሚያፈስ አኳሪየም ፈልጉ። ዓሣ ለሚያረባ ሰው የሚያፈስ መስታወት ዕቃ አይደለም፤ ከቤቱ እንዲወጣለት ብቻ ነው የሚፈልገው። ለሃምስተር ግን ማፍሰሱ ምንም ማለት አይደለም። የእኛን በዚህ መንገድ ነው ያገኘነው። ስትሄዱ የተሰነጠቀ ቦታ ካለ በጣታችሁ ዳስሱ፤ ሲሊኮኑ የለቀቀ ችግር የለውም፣ ስንጥቅ ግን ይቆርጠዋል። ክብደቱንም አትናቁ። ባዶውን ከ60 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ሁለት ጠንካራ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

መስታወት ቤት አየር የሚያገኘው ከላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ክዳኑ መስታወት ወይም ድፍን ጣውላ መሆን የለበትም፤ ሽንቱ ሲታፈን የሚወጣው ሽታ ሳንባውን ይጎዳዋል። እኔ ከቀጭን እንጨት ክፈፍ ሠርቼ፣ ቀዳዳው 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠንካራ የብረት ወንፊት ወጠርኩበት። የሽቦውን ጫፎች ወደ ውጪ አጥፌ በሌላ እንጨት ሸፈንኳቸው። ሁለት ሰዓት ያልሞላ ሥራ ነው።

የፕላስቲክ ሣጥን። ልብስ ማስቀመጫው ትልቁ ክዳን ያለው ሣጥን። ገንዘብ ሲያጥር ትልቅ መፍትሔ ነው። ከታች ይጠባልና የታችኛውን ለኩ። የክዳኑን መሀል ቆርጣችሁ፣ በወንፊት ሽቦ ሸፍናችሁ በብሎንና በዋሸር እሰሩት። ሙጫ አትጠቀሙ፤ ሙጫ ይላላል፣ ቢነክሰውም ይመርዘዋል። ከአንድ ጎንም መስኮት ብትከፍቱለት አየሩ ይሻላል፤ ከንጣፉ ከፍ ብሎ ይሁን እንጂ። ስትቆርጡ ሻካራ ጠርዝ ካስቀራችሁ መንከስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት።

የእንጨት ቤት። ከፊቱ መስታወት ወይም ግልጽ ፕላስቲክ ያለው እያማረ መጥቷል። እጃችሁ ለአናጺነት ከሰጠ ከኮምፔንሳቶ መሥራት ትችላላችሁ፤ ልኩንም እንደ ክፍላችሁ ታደርጉታላችሁ። ወለሉንና መጋጠሚያዎቹን ግን ውሃ በማያሳልፍና ከደረቀ በኋላ መርዝ በሌለው ቀለም ቀቡ። ሽንት የጠጣ እንጨት ታጥቦ አይጠራም። የ1930ዎቹን አምስት ሃምስተሮችም አስታውሱ፤ ጥርሱ የሚይዝበት ስንጥቅ ወይም ጠርዝ አትተዉለት።

ቱቦ የበዛበት የፕላስቲክ ቤት። በዚህኛው ላይ አልደራደርም። ያደገ የሶርያ ሃምስተር ጉንጩን ሞልቶ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ሊቀረቀር ይችላል። አየር የለውም፣ ላብ ይቋጥራል፣ ለማጠብ ተፈታቶ አያልቅም። እቤታችሁ ካለ ለልጆቹ መጫወቻ ይሁን።

5. የሽቦውን ክፍተትና በሩን ፈትኑ

የሽቦ ቤት ከመረጣችሁ በሽቦዎቹ መሀል ያለው ክፍተት ለሶርያ ሃምስተር ከ1 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ለድንኮቹ ደግሞ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር። ሜትር ካልያዛችሁ የልጅ እርሳስ ይበቃል፤ ተራ እርሳስ ወፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እርሳሱ በሽቦዎቹ መሀል እየተወዛወዘ በሰፊው ካለፈ ለድንክ ሃምስተር አይሆንም። ትንሿ ጣታችሁ ካለፈች ለሶርያውም አይሆንም። ጭንቅላቱ ካለፈ ሌላው አካሉ ይከተላል።

በሩን ከፍታችሁ እጃችሁን እስከ ክርን አስገቡ። ሃምስተሩን ስታወጡት ሁለት እጅ አንድ ላይ መግባት አለበት። ከላይ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ከሰማይ እንደሚወርድ አሞራ ስለምትሆኑበት ይደነግጣል። ስለዚህ መስታወት ቤት ያላችሁ ከፊት ለፊቱ እየቀረባችሁ፣ እያናገራችሁ፣ እጃችሁን ቀስ ብላችሁ ከጎን አውርዱ። የበሩን መቆለፊያ በጥፍራችሁ ወደ ላይ ግፉት። በቀላሉ ከተነሳላችሁ ለእሱም ይነሳለታል። የሽቦ ማሰሪያ ጨምሩበት።

6. ጎማው ይገባል ወይ?

መሮጫ ጎማውን ከቤቱ በፊት ወይም አብራችሁ ምረጡ፤ ምክንያቱም ቁመቱን የሚበላው እሱ ነው። ለሶርያ ሃምስተር ስፋቱ ጫፍ ለጫፍ 28 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፤ ለድንኮቹ 20። ማረጋገጫው ጀርባው ነው። ሲሮጥ በጎን ሆናችሁ እዩት። ጀርባው ቀጥ ካለ ጥሩ ነው። ወደ ላይ ከተቆለመመ፣ ጭንቅላቱም ወደ ኋላ ከቀና ጎማው ያንሰዋል። ከቤቶቹ ጋር አብረው የሚመጡት ጎማዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ያንሳሉ። የሚረግጥበት ቦታ ድፍን ይሁን፤ መሰላል የሚመስል የሽቦ ጎማ እግር ይሰብራል።

ጎማው፣ የሸክላ ቤቱ፣ ማንኛውም ከባድ ነገር በንጣፉ ላይ እንዲሁ አይቀመጥ። ከሥሩ ይቆፍርና ይደረመስበታል። እግር ያለው ጠንካራ ጣውላ እስከ ወለሉ ድረስ አውርዳችሁ ከባዱን ዕቃ እሱ ላይ አኑሩ። የውሃ ጡጦውንም ንጣፉ ከማይደርስበት፣ እሱ ግን አንገቱን ሳይቀስር ከሚደርስበት ቦታ አንጠልጥሉት። ጫፉ ንጣፍ ከነካ ውሃው በአንድ ሌሊት ይፈስና ሁሉንም ያረጥበዋል።

አንድ ጥግ ላይ በሣህን አሸዋ አስቀምጡለት፤ ፀጉሩን የሚያጸዳው በእሱ ነው። ዱቄት የሚመስለውን ሳይሆን ደረቅና ንጹሕ አሸዋ። ብዙዎቹ ሽንታቸውንም እዚያ ስለሚሸኑ ጽዳቱ ይቀላችኋል።

7. የት ይቀመጥ?

የእኛ ሰው ቤት ውስጥ ይህ ጥያቄ የራሱ መልስ አለው። ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ሽንኩርት ይቁላላል። የሃምስተር ሳንባ ትንሽ ናት፤ ጭስ አትችልም። ቤቱን ቡና ከሚፈላበት ክፍልና ከወጥ ቤት አርቁት፤ ዕጣን ስታጨሱ በሩን ዝጉበት። እማዬ መጀመሪያ ሳሎን ይሁን ብላ ነበር። የቡናው ጭስ ወደ እሱ ሲሄድ ካየች በኋላ ግን ራሷ ናት ወደ ልጄ ክፍል እንዲመለስ ያዘዘችው።

ፀሐይ በቀጥታ የምታርፍበት መስኮት ሥር አታስቀምጡ፤ መስታወት ቤት ከሆነ በተለይ በአጭር ጊዜ ምድጃ ይሆናል። ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ኩዌት ያላችሁ በረንዳ የሚባለውን ቦታ እርሱት፤ ኤሲ ሌት ተቀን በሚሠራበት ክፍል ይሁን፣ ነፋሱ ግን በቀጥታ አይምታው። ሚኒሶታና አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ የምትፈሩት ብርዱን ነው። ክፍሉ በጣም ከቀዘቀዘ ሃምስተሩ ሰውነቱ በርዶ፣ ትንፋሹ ጠፍቶ የሞተ እስኪመስል ሊደነዝዝ ይችላል። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይስማማዋል።

ከቴሌቪዥን አጠገብ አይሁን። እኛ የማንሰማውን ቀጭን ድምፅ እሱ ይሰማል። ወለል ላይ ከምታስቀምጡት የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ አድርጉት። ሙሉው ቤት ከነንጣፉ ይከብዳልና የመጽሐፍ መደርደሪያ አትመኑ። ልጃችሁ ክፍል ከሆነ ደግሞ ጎማው ሌሊት የማይጮህ ይሁን፤ ሱቅ ውስጥ በጣታችሁ አሽከርክሩና ጆሯችሁን አስጠጉ።

8. ሳታስገቡት አንድ ሌሊት ጠብቁ

ቤቱን ከመሙላታችሁ በፊት በሙቅ ውሃና በጥቂት ሆምጣጤ እጠቡት፤ አሮጌ አኳሪየም ከሆነ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ። አድርቁት። ንጣፉን ሙሉ፣ ጠቅጥቁ፣ ዕቃውን አስተካክሉ። ክዳኑን ከድናችሁ በየጥጉ በእጃችሁ ወደ ላይ ግፉ። የሚነሳ ጥግ ካለ መያዣ ጨምሩ። በማግስቱ ሄዳችሁ እዩ። ጡጦው አንጠብጥቧል? ጎማው አዘንብሏል? ከተስተካከለ እንግዳው ይግባ።

ከአሮጌ ቤት የምታዘዋውሩት ከሆነ ከድሮው ንጣፍ ሁለት እፍኝ ያህል ውሰዱና መኝታው አካባቢ በትኑ። የራሱን ሽታ ሲያገኝ አይደነግጥም። ከዚያ በኋላም ስታጸዱ ሁሉንም አትገልብጡበት፤ የሸናበትን ቦታ ብቻ አንሱና አዲስ ጨምሩ። ቢያንስ ሦስት አራት ቀን አታውጡት፣ አትንኩት። ልጆች ይህን መታገስ ይከብዳቸዋል። ለልጄ አንድ ሥራ ሰጠኋት፤ ማታ ማታ አሥር የሱፍ ፍሬ ንጣፉ ላይ በትና ጠዋት የቀረውን እንድትቆጥር። አንድም ቀርቶ አያውቅም።

አዲሱ ቤት እንዳልተስማማው በምን ታውቃላችሁ? ሽቦ ወይም ጥግ ደጋግሞ ከነከሰ፣ አንድ መስመር ላይ ወዲያና ወዲህ ከተመላለሰ፣ ጣሪያው ላይ ተንጠልጥሎ ከሄደ ወይም አንዱን ጥግ ቀን ከሌት ከቧጨረ የጎደለ ነገር አለ። መጀመሪያ ንጣፉን ጨምሩ። ቀጥሎ መደበቂያ ጨምሩ። ከዚያ ወለሉን እንደገና ለኩ።

ዳቦ የገባ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ዙሪያውን ዞረ። ከዚያ በሰጋቱራው ኮረብታ ሥር አፍንጫውን ሰካ፣ በሁለት እጁ ወደ ኋላ ጠራረገ፣ ጠፋ። ለሁለት ቀን አላየነውም። ልጄ "ሞተ እንዴ?" እያለች ታለቅስ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እማዬ በመስታወቱ ጎን ጎንበስ ብላ ታያለች። "ኑ፣ ኑ እዩ!" አለችን። ከንጣፉ በታች፣ መስታወቱን ተጠግቶ፣ የብርጭቆ አፍ የሚያህል ክፍል ቆፍሯል። ውስጡ የሱፍ ፍሬዎች ተደርድረዋል። ልጄ ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ መቁጠር ጀመረች። "ጎተራውን ሠርቷል" አለች እማዬ፤ "አሁን ቤት ገባ።"